ፑሉ ዲግሬድድ ሆኗል፣ ሁለት ዲስክ ባንዴ ሊሄድብኝ ነው፤ ልቀይር ወይስ ልጠብቅ?

ማተሚያ_ሰርቨር
ሰኞ፣ ጠዋት 4፡10

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምሠራበት ማተሚያ ቤት የስካንና የሌይአውት ሥራውን ሁሉ የሚያስቀምጥበት አንድ ሰርቨር አለ። ዴቢያን 12፣ የፋይል ሲስተሙ ኦፕንዜድኤፍኤስ 2.1.11፣ 32 ጊጋ ኢሲሲ ራም፣ ስድስት ባለ 4 ቴራ ዲስኮች በሬይድዜድ2 (ሁለት ዲስክ ቢሞትም ዳታው የሚተርፍበት) አንድ ፑል ሆነው። ስድስቱም ኤልኤስአይ 9211-8አይ ካርድ ላይ ነው የተሰኩት፣ ካርዱ አይቲ ሞድ ላይ ነው። ዛሬ ጠዋት ዲዛይነሮቹ «ፋይል አልከፈት አለን» ብለው ሲጠሩኝ ገብቼ ያየሁት ይኼ ነው፦

ፑል፦ ጎተራ
ስቴት፦ ዲግሬድድ
ስካን፦ ስክራብ ሪፔርድ 0ቢ፣ 0 ኤረር፣ እሑድ ጥቅምት 12 (እ.ኤ.አ.)
ጎተራ — ዲግሬድድ — ሪድ 0 — ራይት 0 — ቼክሰም 0
ሬይድዜድ2-0 — ዲግሬድድ — 0 — 0 — 8
ዲስክ1 — ኦንላይን — 0 — 0 — 13
ዲስክ2 — ኦንላይን — 0 — 0 — 10
ዲስክ3 — ፎልትድ — 31 — 74 — 0 (ቱ ሜኒ ኤረርስ)
ዲስክ4 — ዲግሬድድ — 3 — 0 — 215 (ቱ ሜኒ ኤረርስ)
ዲስክ5 — ኦንላይን — 0 — 0 — 4
ዲስክ6 — ኦንላይን — 0 — 0 — 4
ፐርማነንት ኤረርስ፦
/ጎተራ/ስካን/ድጓ/ገጽ_0412.ቲፍ
/ጎተራ/ስካን/ድጓ/ገጽ_0415.ቲፍ
/ጎተራ/ሌይአውት/ሽፋን_የመጨረሻ.ኢንዲዲ

ያለፈውን ሳምንት መብራት ሲመጣ ሲሄድ ነበር የከረመው። ዩፒኤስ አለው፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ይይዛል። ፑሉ 91 ከመቶ ሞልቷል። ከዱባይ ያስመጣነው አዲስ ባለ 4 ቴራ ዲስክ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ሐሳቤ ዲስክ3ን አውጥቼ በእሱ መተካትና ሪሲልቨር (የጎደለውን ዳታ ከሌሎቹ ዲስኮች መልሶ መሙላት) ማስነሳት ነው። የፈራሁት ሪሲልቨሩ ሳያልቅ ዲስክ4 ቢሞትስ የሚለውን ነው። ምን ትላላችሁ?


ቢት_በቢት
ሰኞ፣ ጠዋት 4፡35

ፎልትድ (ከሥራ ወጥቷል) ያለው ዲስክ አልቆለታል፣ ሳትውል ሳታድር ተካው። 91 ከመቶ መሙላቱም ጥሩ አይደለም። ሁለተኛው ዲስክ ሲገዛ በዜድፑል አድ ጨምረውና ቦታም ታገኛለህ። ሁለቱን በአንድ ቀን ትጨርሳለህ።


ሰላም_ሊኑክስ
ሰኞ፣ ጠዋት 4፡50

@ቢት_በቢት ወንድሜ፣ ሁለተኛው ምክር ፑሉን ያጠፋበታል፤ እባክህ አስተካክለው። ዜድፑል አድ ዲስኩን ሬይድዜድ2ው ውስጥ አያስገባውም። ከጎኑ ለብቻው የቆመ አዲስ ቪዴቭ (ራሱን የቻለ የፑሉ ክፍል) ነው የሚያደርገው። ፑሉ ከዚያ በኋላ ዳታውን በሁለቱ ላይ እየበተነ ይጽፋል፤ ያ ብቸኛ ዲስክ የሞተ ቀን ስድስቱ ጤነኞች ቢሆኑም ፑሉ በሙሉ ይሄዳል። ሲስተሙ ራሱ «ሚስማችድ ሪፕሊኬሽን ሌቭል» ብሎ እምቢ ይላል፣ ሰው ግን ቸኩሎ -ኤፍ ጨምሮ ያስገድደዋል። ፑሉ ሬይድዜድ ስላለበት ደግሞ አንዴ የገባውን በዜድፑል ሪሙቭ ማውጣት አይቻልም። ከመጨመርህ በፊት ቼክፖይንት (ፑሉ የሚመለስበት ነጥብ) ካልወሰድክ ያለህ መንገድ ዳታውን ሌላ ቦታ ገልብጦ ፑሉን ከዜሮ መሥራት ብቻ ነው።

ሬይድዜድን በአንድ ዲስክ ማስፋት የተቻለው ከኦፕንዜድኤፍኤስ 2.3 ወዲህ ነው፣ በጥር 2025 እ.ኤ.አ. የወጣው። ትእዛዙም አድ ሳይሆን አታች ነው። የሱ 2.1.11 ስለሆነ አይመለከተውም። ቢመለከተውም ዲግሬድድ የሆነ ፑል ላይ የሚሞከር ነገር አይደለም።

@ማተሚያ_ሰርቨር ምንም ከመንካትህ በፊት የስድስቱንም ዲስክ ስማርት (ዲስኩ ስለ ጤናው የሚይዘውን መዝገብ) አውጣና ለጥፍልን። በተለይ 5፣ 197፣ 198 እና 199 ቁጥሮችን።


ቢት_በቢት
ሰኞ፣ ጠዋት 5፡05

ስለ አድ ትክክል ነሽ፣ አታችን እያሰብኩ ነው የጻፍኩት። ከላይ ያለውን እንዳትከተል @ማተሚያ_ሰርቨር። ፎልትድ የሆነውን መተካቱ ላይ ግን አሁንም በአቋሜ ነኝ።


ሶላሪስ10
ሰኞ፣ ጠዋት 5፡40

ልጄ፣ ዲስኩን ከመሳቢያው አታውጣው። ማሽኑንም ለጊዜው ሪስታርት አታድርገው። መጀመሪያ የለጠፍከውን ዝርዝር አብረን እንየው፤ ብዙ ነገር እየነገረን ነው።

ስህተቱ የት የት እንደተቀመጠ ልብ በል። ከባድ የሆነው ዲስክ3 እና ዲስክ4 ላይ ነው፣ ዲስክ1 እና ዲስክ2 ላይ ትንሽ ትንሽ አለ። 5 እና 6 ላይ ያለው ግን እኩል ነው፣ 4 እና 4። ሬይድዜድ አንድን ብሎክ በምንም መንገድ መልሶ መገጣጠም ሲያቅተው ጥፋተኛውን ለይቶ ማወቅ ስለማይችል በብሎኩ ውስጥ ላነበባቸው ዲስኮች ሁሉ እኩል ይቆጥርባቸዋል። ስለዚህ የ5 እና የ6 አራት አራት የራሳቸው ጥፋት አይደለም። ያንኑ አራት ከ1፣ ከ2 እና ከ4 ላይ ቀንስ። ዲስክ1 ዘጠኝ፣ ዲስክ2 ስድስት፣ ዲስክ4 ደግሞ 211 ይቀራቸዋል። እውነተኛው ችግር እንግዲህ ከ1 እስከ 4 ባሉት ላይ ነው ማለት ነው፣ 5 እና 6 ንጹሕ ናቸው።

ያንተ ካርድ ሁለት ማገናኛ ነው ያለው፣ ከእያንዳንዱ አራት ጭራ ያለው ኬብል ይወጣል። አራት ዲስክ ባንዴ ታሞ ሁለቱ ደህና ከሆኑ እኔ ዲስክ ከመጠርጠሬ በፊት ኬብል እጠረጥራለሁ። ሣጥኑን ከፍተህ ዲስክ1 እስከ 4 በአንድ ኬብል፣ 5 እና 6 በሌላው መሆናቸውን አረጋግጥልኝ። የፓወር መስመራቸውንም ተመልከት፤ የትኛው ዲስክ ከየትኛው ስፕሊተር እንደሚበላ።

ሰላም የጠየቀችህን ስማርትም አምጣው። እስከዚያው ማንም አዲስ ነገር እዚያ ፑል ላይ እንዳይጽፍ ሼሩን ዝጋው።


ማተሚያ_ሰርቨር
ሰኞ፣ ከሰዓት 8፡20

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ሼሩን ዘግቻለሁ። ከፍቼ አየሁት፣ እንዳሉት ነው፦ ዲስክ1፣ 2፣ 3፣ 4 በአንዱ ኬብል፣ 5 እና 6 በሌላው። የሌላው ኬብል ሁለት ጭራ ባዶውን ተንጠልጥሏል። ፓወሩ ግን በዚያ መልክ አይደለም የተከፈለው፤ 1፣ 2፣ 3 ከአንድ ስፕሊተር፣ 4፣ 5፣ 6 ከሌላ ነው የሚበሉት።

ስማርቱ፦ 5፣ 197 እና 198 በስድስቱም ዲስኮች ላይ ዜሮ ነው። 199 (ዩዲኤምኤ ሲአርሲ) ዲስክ1 ላይ 44፣ ዲስክ2 ላይ 29፣ ዲስክ3 ላይ 1846፣ ዲስክ4 ላይ 973። 5 እና 6 ላይ ዜሮ።

ዲሜሴጅ (የከርነሉ መዝገብ) ውስጥ ደግሞ ዲስክ3 ደጋግሞ ሊንክ እየጣለ ተመልሶ ሲነሳ ይታያል።


ሰላም_ሊኑክስ
ሰኞ፣ ከሰዓት 8፡45

199 ላይ ያለው ቁጥር ብቻውን ይበቃል። 5 እና 197 ዜሮ ከሆኑ የዲስኩ ሳህን ላይ የተበላሸ ቦታ አልተገኘም ማለት ነው። 199 የሚቆጥረው ዳታው በዲስኩና በካርዱ መካከል ሲያልፍ መበላሸቱን ነው። መንገዱ ነው የታመመው።

ፓወሩም ነጻ ወጣ። ዲስክ4 ከ5 እና ከ6 ጋር አንድ ስፕሊተር እየተጋራ እሱ ብቻ ከታመመ ጥፋቱ ስፕሊተሩ ጋ አይደለም።


ቢት_በቢት
ሰኞ፣ ከሰዓት 9፡00

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አለኝ። የሳታ ሊንክ የራሱ ሲአርሲ አለው፤ ኬብሉ ያበላሸው ነገር ተይዞ እንደገና ይላካል። ታዲያ የኬብል ችግር እንዴት ቼክሰም (ዳታው አለመለወጡን የሚያረጋግጠው ቁጥር) ኤረር ሆኖ ይመጣል? ሪድና ራይት ኤረር ቢሆን ይገባኛል።


ሶላሪስ10
ሰኞ፣ ከሰዓት 10፡15

@ቢት_በቢት ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

የተበላሸው በሲአርሲ ተይዞ እንደገና መላኩ እውነት ነው፣ 199 የሚጨምረውም ለዚያ ነው። እንደገና መላኩ ተደጋግሞ ሲከሽፍ ግን ሊንኩ ሪሴት ይደረጋል። በዚያች ቅጽበት ዲስኩ ካሽ ውስጥ ያለና «ጽፌዋለሁ» የተባለ ዳታ ሳህኑ ላይ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። ዲስኩ ተመልሶ ሲነሳ በዚያ ቦታ ላይ ያለው አሮጌው ነገር ነው። በኋላ ሲነበብ ዲስኩ አሮጌውን ያለ አንዳች ስህተት አንብቦ ይሰጣል። ለዲስኩ ምንም የተበላሸ ነገር የለም።

ዜድኤፍኤስ ይህን የሚይዘው ቼክሰሙን ከዳታው አጠገብ ስለማያስቀምጥ ነው። የአንድ ብሎክ ቼክሰም የሚቀመጠው ወደዚያ ብሎክ በሚጠቁመው በላይኛው ብሎክ ውስጥ ነው፣ እንዲህ እያለ እስከ ዑበርብሎኩ ይወጣል። አሮጌ ዳታ ከነአሮጌ ቼክሰሙ አንድ ላይ ቢሆን ኖሮ ተስማምቶ ያልፍ ነበር። አባቱ ጋ ያለው ቼክሰም አዲሱን ነው የሚጠብቀው፤ ስለዚህ ይይዘዋል። ጄፍ ቦንዊክና ማቲው አረንስ በሰን ማይክሮሲስተምስ ሳሉ ሲነድፉት መነሻቸው ዲስኩም ኬብሉም ካርዱም አይታመኑም የሚል ነበር። ሶላሪስ 10 ውስጥ በ2006 እ.ኤ.አ. ገብቶ ከተጠቀምኩበት ጊዜ አንስቶ ይህ ነገር ስንት ሰው እንዳዳነ አይቻለሁ።

አሁን @ማተሚያ_ሰርቨር፣ ለምን አትተካ እንዳልኩህ። አዲስ ዲስክ ብታስገባ እያንዳንዱ ብሎክ ከሌሎቹ ዲስኮች ተነቦ ለአዲሱ መሠራት አለበት። ፑልህ 91 ከመቶ የሞላ ነው፣ ያ ሁሉ ንባብ በታመመው ኬብል ሊያልፍ ነው። ከዚያ የከፋው ደግሞ ያወጣኸው ዲስክ3 ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ ከቀሩት አምስት ዲስኮች መሃል በዲስክ1፣ 2 እና 4 ላይ የጎደለውን ሊሞላ የሚችለው ዳታ አብሮት ይወጣል። ዲስክ3 ያመለጠው ፎልትድ ከተባለ ወዲህ የተጻፈውና ከዚያ በፊት በራይት ኤረር የቀረው ብቻ ነው። ያንን ዜድኤፍኤስ በሰዓት መዝግቦ ይዞታል። ዲስኩ በጤናማ መንገድ ሲመለስ የሚሞላለት ያቺኑ ብቻ ነው።

የሦስቱ ፋይሎች ነገርም ገና አላለቀም። «ፐርማነንት» ቢልም በዚያን ጊዜ ሊያነባቸው አልቻለም ማለት እንጂ ጠፍተዋል ማለት ላይሆን ይችላል።

የምታደርገው እንዲህ ነው። ዜድፑል ኤክስፖርት ጎተራ በልና ማሽኑን አጥፋ። ዲስክ3 እና 4ን ባዶ ወደሆኑት የሁለተኛው ኬብል ጭራዎች አዛውራቸው። ዲስክ1 እና 2ን የማዘርቦርዱ ሳታ ፖርት ላይ ሰካቸው። የታመመው ኬብል ላይ አንድም ዲስክ አይቅር። ዜድኤፍኤስ የትኛው ዲስክ የት እንደተሰካ ግድ የለውም፣ መለያው እያንዳንዱ ዲስክ ላይ ተጽፏል፤ ሁለቱ ከፊት ሁለቱ ከኋላ አራት ቅጂ አለ። ካበራኸው በኋላ ዜድፑል ኢምፖርት -ዲ ብለህ የባይ-አይዲ ፎልደሩን አሳየው። ከዚያ ዜድፑል ክሊር። አጭር ሪሲልቨር ያደርጋል። ሲጨርስ ስክራብ፣ ዳታውን ሁሉ አንብቦ በቼክሰሙ እንዲፈትሽ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ባካፕ የሌለው ነገር ካለ ንገረኝ።


ማተሚያ_ሰርቨር
ሰኞ፣ ማታ 12፡30

የዓርብ ባካፕ ውጭ ባለ ዲስክ ላይ አለ፣ ከፍቼ አይቼዋለሁ፣ ይሠራል። ከዓርብ ወዲህ የተሠራው የድጓው ስካን ብቻ ነው፣ መጽሐፉም እኛው ዘንድ ነው ያለው። ነገ ጠዋት ሠራተኛ ሳይገባ እንዳሉኝ አደርጋለሁ።


ሰሚት_ልጅ
ሰኞ፣ ማታ 2፡05

በሰው ክር ስለገባሁ ይቅርታ፣ ግን ተመሳሳይ ነው። የኔው ማዘርቦርድ ተቃጥሎ ዲስኮቹን ወደ ሌላ ማሽን አዛውሬ ዜድፑል ኢምፖርት ስል ፑሉ ይታያል፣ ግን «ሌላ ሲስተም ሲጠቀምበት ነበር» ብሎ አልገባም ይላል። አንዱን ዲስክም «አንአቬይለብል» (አልተገኘም) ይለዋል። አንድ ጓደኛዬ -ኤፍ በትልቁም በትንሹም አድርገህ ግፋው ብሎኛል። ልግፋ?


ሰላም_ሊኑክስ
ሰኞ፣ ማታ 2፡30

@ሰሚት_ልጅ ሁለቱ ኤፎች ሥራቸው ይለያያል፣ ባንዴ አትጠቀምባቸው።

ትንሹ -ኤፍ «ያ ሌላ ማሽን ከእንግዲህ አይጠቀምበትም፣ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» ማለት ነው። ያንተ አሮጌ ማሽን ተቃጥሎ ከሆነ ትንሹ ኤፍ አያሰጋም። አደገኛ የሚሆነው ሁለት ማሽን ያንኑ ዲስክ በአንድ ጊዜ ሲያይ ነው፤ ሁለቱም ኢምፖርት ካደረጉት ፑሉን ያፈርሱታል።

ትልቁ -ኤፍ የመጨረሻዎቹን ሰከንዶች ጽሑፎች ጥሎ ወደ ቀደመ ጤነኛ ሁኔታ የሚመልስ ነው። የፑልህ ሁኔታ ያንን አልጠየቀህም፣ ስለዚህ አትንካው። አንድ ቀን ቢያስፈልግህም በመጀመሪያ ከ-ኤን ጋር አድርገህ ምን እንደሚሆን ብቻ ጠይቀው፣ ምንም አይጽፍም።

አንአቬይለብል የሚለው ዲስክ ምናልባት የስም ጉዳይ ነው። ድሮ ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ በሚል ስም ተፈጥሮ ከሆነ አዲሱ ማሽን ላይ ስሞቹ ተዘዋውረዋል። ባይ-አይዲውን አሳይተህ እንዲህ ሞክር፦

ዜድፑል ኢምፖርት -ዲ /ዴቭ/ዲስክ/ባይ-አይዲ -ኦ ሪድኦንሊ=ኦን -ኤፍ ፑልህ

ሪድኦንሊ ስለሆነ የሚቀየር ነገር የለም። ከገባልህ ጠቃሚውን ገልብጥ፣ ከዚያ ኤክስፖርት አድርገህ በመደበኛው አስገባው። ዲስኩ አሁንም ካልታየ ባዮሱ ያየዋል ወይ የሚለውን አረጋግጥ።


ሰሚት_ልጅ
ሰኞ፣ ማታ 3፡10

በባይ-አይዲ ሁሉም ዲስክ ታየ፣ ገባልኝ! እህቴ ምስጋናዬ ብዙ ነው። እየገለበጥኩ ነው።


ሻርጃ_ኖድ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡40

እኔ ስለዚያ መሳቢያ ውስጥ ስላለው አዲስ ዲስክ ነው የምጽፈው። እዚህ ገበያ ላይ በርካሽ የሚገኙ ባለ 4 ቴራ ዲስኮች ብዙዎቹ ኤስኤምአር ናቸው፤ መስመሮቹ አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው የሚጻፉ፣ አንዱን ለመቀየር ጎረቤቶቹን ሁሉ እንደገና መጻፍ የሚያስፈልጋቸው። በደህናው ቀን አይታወቅባቸውም። ሪሲልቨር ላይ ግን ያለማቋረጥ ሲጻፍባቸው ይንቀራፈፋሉ፣ አንዳንዴም ምላሽ መስጠት አቁመው ፎልትድ ይባላሉ። በ2020 እ.ኤ.አ. ዌስተርን ዲጂታል ከ2 እስከ 6 ቴራ ካሉት የሬድ ዲስኮቹ አንዳንዶቹ ኤስኤምአር መሆናቸውን ያመነው የዜድኤፍኤስ ተጠቃሚዎች በሪሲልቨር ጊዜ ደርሰውበት ነው። ሳጥኑ ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥር ከአምራቹ ዝርዝር ጋር አስተያየው። አሁን ብታስተያየው በሚያስፈልግህ ቀን አትቸገርም።


ማተሚያ_ሰርቨር
ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡25

ጋሼ እንዳሉት አደረግኩ። ፑሉ ገባ፣ ክሊር ስለው ሪሲልቨሩ ሰዓታት ይፈጃል ብዬ ስጠብቅ በደቂቃዎች ነው ያለቀው። ስድስቱም ኦንላይን ሆነዋል። አሁን ስክራብ ላይ ነው፣ እስካሁን 1.37 ጊጋ አስተካክሏል፣ ዲስክ3 እና 4 ላይ ነው የሚበዛው። 199 ሲነሳ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም።

@ሻርጃ_ኖድ አየሁት፣ ሲኤምአር (መስመሮቹ የማይደራረቡት) ነው፣ ተመስገን።


ሶላሪስ10
ማክሰኞ፣ ጠዋት 5፡00

ጎበዝ። 199 ወደ ዜሮ አይመለስም፣ ዲስኩ ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል። ስለዚህ የዛሬውን ቁጥር ጻፈው፣ ከዚህ በኋላ የምታየው ጨመረ አልጨመረ የሚለውን ነው።

ጥፋቱ የኬብሉ ነው ወይስ የካርዱ የመጀመሪያ ማገናኛ የሚለው አሁንም አልተለየም። የስክራቡ ሥራ ካለቀ በኋላ ያንን አዲሱን ዲስክ በአሮጌው ኬብል ለብቻው ሰካው፣ ፑሉ ውስጥ ሳይገባ። ባዶ ዲስክ ስለሆነ የሚጠፋ ነገር የለም። ጻፍበት፣ አንብበው፣ 199ን ተመልከት። ከዚያ ያንኑ ኬብል ሌላኛው ማገናኛ ላይ ሰክተህ ድገመው። ቁጥሩ በሁለቱም ላይ የሚያድግ ከሆነ ኬብሉ ነው።

ሌላ ያየሁት ነገር። ስካን የሚለው መስመር ላይ የመጨረሻው ስክራብ በፈረንጆቹ ጥቅምት 12 ነው ይላል። ዴቢያን በየወሩ ሁለተኛው እሑድ ከእኩለ ሌሊት በኋላ 24 ደቂቃ ላይ ራሱ ስክራብ እንዲያስነሳ ተደርጎ ነው የሚመጣው። ጥቅምት 12 ሁለተኛ እሑድ ነው፣ ያን ቀን ሠርቷል። ከዚያ ወዲህ ለምን አልሠራም?


ማተሚያ_ሰርቨር
ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8፡15

አሁን ነው የገባኝ። ከፈረንጆቹ ኅዳር ጀምሮ ጄኔሬተሩ በሰንበት እንዳይነሳ ተወስኖ ቅዳሜ ማታ ማሽኑ ሁሉ ይጠፋል፣ ሰኞ ጠዋት ይበራል። እሑድ ሌሊት የሚያስነሳው ማሽን የለም ማለት ነው።


ሰላም_ሊኑክስ
ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8፡40

እንግዲያው የኤትሲ ክሮን.ዲ ፎልደር (በሰዓታቸው የሚነሱ ሥራዎች የሚጻፉበት) ውስጥ ያለውን የዜድኤፍኤስ መስመር አትንካው፤ የራስህን ለብቻው ጨምር፣ ረቡዕ ማታ ሠራተኛ ከወጣ በኋላ። ማሽኑ መሃል ላይ ቢጠፋም አይጨነቅ፣ ስክራቡ ሲበራ ካቆመበት ይቀጥላል።

ማስጠንቀቂያም አብጅለት፤ ዲዛይነሮቹ ሳይጠሩህ በፊት አንተ ማወቅ አለብህ። የዜድ.አርሲ ፋይል ውስጥ የኢሜይል አድራሻህን አስገባ፣ ኖቲፋይ ቨርቦስ የሚለውን 1 አድርገው። እንዲያ ስታደርገው ፑሉ ጤነኛ ሆኖም ስክራብ በጨረሰ ቁጥር መልእክት ይልክልሃል። ረቡዕ ካለፈና መልእክት ካልመጣ አንድ ነገር ቆሟል ማለት ነው። ማሽኑ ላይ ሜይል የሚልክ ፕሮግራም መኖሩን ግን አረጋግጥ፣ አለዚያ ዜዱ (ማስጠንቀቂያውን የሚልከው የዜድኤፍኤስ ፕሮግራም) ዝም ብሎ ያልፈዋል።


ቢት_በቢት
ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡30

ስለ 91 ከመቶው ማንም አላነሳም። ዜድፑል ሊስት ሲል 21.8 ቴራ ይላል፣ ዜድኤፍኤስ ሊስት ግን 14 ምናምን ይላል ብለው የሚደናገሩ ብዙ ሰዎች አይቻለሁና ልግለጸው። የመጀመሪያው ፓሪቲውን (የሞተ ዲስክ ዳታ መልሶ የሚሠራበትን ትርፍ) ጨምሮ ጥሬውን ነው የሚቆጥረው። ስድስት ባለ 4 ቴራ በሬይድዜድ2 ሲሆን ሁለቱ ለፓሪቲ ይሄዳሉ፣ የሚሠራበት አራቱ ናቸው። ከዚያም ላይ ዜድኤፍኤስ ፑሉ ጢም ብሎ ሞልቶ ማጥፋት እንኳ እንዳያቅተው ለራሱ ጥቂት ያስቀራል።

ማተሚያ ቤት ከሆነ ቦታውን የያዘው ስናፕሾት (ፋይሎቹ በአንድ ቅጽበት የነበሩበትን ይዞ የሚያቆየው) ይመስለኛል። ዲዛይነሮች አንድን ትልቅ ፋይል ደጋግመው ያስቀምጣሉ፣ የድሮው ሁሉ በስናፕሾት ተይዞ ይቀራል። ዜድኤፍኤስ ሊስት -ኦ ስፔስ ብለህ ዩዝድስናፕ የሚለውን ዓምድ ተመልከት።


ማተሚያ_ሰርቨር
ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡50

ልክ ነህ፣ ሌይአውት ላይ ብቻ 3.1 ቴራ በስናፕሾት ተይዟል። ያረጁትን ላጥፋ?


ሰላም_ሊኑክስ
ረቡዕ፣ ጠዋት 5፡10

አጥፋ፣ ግን ከማጥፋትህ በፊት ዜድኤፍኤስ ዲስትሮይ -ኤንቪ ብለህ ከየትኛው እስከ የትኛው እንደሆነ በፐርሰንት ምልክት ስጠው። ሳያጠፋ ምን እንደሚያጠፋና ስንት እንደሚለቅ ይነግርሃል። አንድ ስናፕሾት ለብቻው ትንሽ ይዟል ቢልህ አትዘን። አንድን አሮጌ ፋይል ብዙ ስናፕሾት ሲጋራው በማንኛቸውም ስም አይቆጠርም፣ የሚለቀቀው ሁሉም ሲጠፉ ነው። ለዚህ ነው በረድፍ መጠየቅ የሚሻለው።

ስክራቡ እስኪያልቅ ግን ጠብቅ።


ማተሚያ_ሰርቨር
ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡45

ውጤቱ እነሆ። ስክራቡ አልቋል፣ ስድስቱም ኦንላይን። ከሦስቱ ፋይሎች ሁለቱ፣ ገጽ_0412 እና ሽፋኑ፣ ከዝርዝሩ ወጥተዋል፤ ከፍቼም አየኋቸው፣ ደህና ናቸው። ገጽ_0415 ግን እውነትም ጠፍቷል። መጽሐፉ እጃችን ላይ ስለሆነ ገጹን እንደገና ስካን አድርገን የተበላሸውን አጠፋሁት። አሁን ዝርዝሩ ላይ የፋይሉ ስም ቀርቶ የስናፕሾት ስምና በሄክስ የተጻፈ ቁጥር ነው የሚታየው። ይህ ምንድን ነው?

የኬብሉም ፈተና አልቋል። አዲሱ ዲስክ በአሮጌው ኬብል በሁለቱም ማገናኛዎች ላይ 199ን ጨመረ። ኬብሉ ነው። መርካቶ የጠየቅኳቸው ሱቆች የላቸውም።


ሶላሪስ10
ሐሙስ፣ ጠዋት 5፡20

ያ ገጽ ሲበላሽ ስናፕሾቱ ውስጥም ያው ብሎክ ነው ያለው፣ ሁለት ቅጂ አይደለም። ፋይሉን ብታጠፋም ስናፕሾቱ ይዞታል። ሄክሱ ደግሞ ስም ያልተገኘለት፣ ፋይሉ ከጠፋ በኋላ የቀረው መዝገብ ነው። የድጓውን ገጽ የያዘውን ስናፕሾት አጥፋውና እንደገና ስክራብ አድርግ። የስህተት ዝርዝሩ ያለፈውን ስክራብ ውጤት ይዞ ስለሚቆይ አንዱ ካላጸዳው ሁለተኛው ያጸዳዋል፤ አትደንግጥ።


ሰሚት_ልጅ
ሐሙስ፣ ከሰዓት 7፡50

@ማተሚያ_ሰርቨር የዚያ ዓይነት ኬብል፣ የተቃጠለው ማሽኔ ላይ የነበረ፣ አንድ ትርፍ አለኝ፣ ኬብሉ ደህና ነው፣ ሞክሬዋለሁ። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ሳንቲም አያስፈልግም።


ማተሚያ_ሰርቨር
ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡00

ኬብሉን ወስጃለሁ፣ ሰሚት_ልጅ እግዜር ያክብርልኝ። ዲስክ1 እና 2 በእሱ ወደ ካርዱ ተመልሰዋል፣ 3 እና 4 ሁለተኛው ኬብል ላይ እንዳሉ ትቻቸዋለሁ። አሮጌዎቹን ስናፕሾቶች ካጠፋሁ በኋላ ፑሉ 73 ከመቶ ላይ ወርዷል። የረቡዕ ስክራብ ክሮን ውስጥ ገብቷል፣ የሙከራ መልእክቱም ስልኬ ላይ ደርሷል።

ስካን፦ ስክራብ ሪፔርድ 0ቢ፣ 0 ኤረር
ኤረርስ፦ ኖ ኖውን ዳታ ኤረርስ

አዲሱን ዲስክ ለመጠባበቂያ እንደ ስፔር ልጨምረው አስቤአለሁ፣ በዜድፑል አድ ስፔር። ከስፔር ጋር ሲሆን አድ ችግር የለውም አይደል?


ሰላም_ሊኑክስ
ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡30

የለውም፣ ስፔር የሚለው ቃል መጻፉን ብቻ ከመጫንህ በፊት ደግመህ አንብብ። ስፔር ሥራ ላይ እስካልዋለ ድረስ በማንኛውም ጊዜ በዜድፑል ሪሙቭ ይወጣል። -ኤን ጨምረህ በመጀመሪያ አስኪደው፤ ፑሉ ምን ሊመስል እንደሆነ ያሳይሃል፣ አዲሱ ዲስክ ከሬይድዜድ2-0 ጎን ሳይሆን ስፔርስ ከሚለው ስር መሆኑን አይተህ ቀጥል።